እማዬና የዱቄት ሳሙናው

«ሥራሽ ምንድን ነው ካሉኝ የቤት እመቤት ነኝ ነው የምለው። አንቺም ዱቄት የሚባል ነገር እንዳታነሺ» አለች እናቷ፣ ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቁ። ይህችን ተናግራ ለመጨረስ ትንፋሽ አጥሯት ሁለቴ አረፈች።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥያቄ ስለምታበዛ ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል። ዛሬ ግን አፏ ተሳስሯል።

አባቷ ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት የአባቷ እህት የሆነችው አክስቷ በሰጠቻቸው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አክስቷ ዱቄት ሳሙና በጆንያ ታመጣለች፤ እናቷ እዚያችው ክፍል ውስጥ በትንንሽ ላስቲክ እየሞላች ታሽጋለች። የደም፣ የእንቁላል፣ የወተት እድፍ ሙልጭ የሚያደርግ ሳሙና ነው። እናቷን ሳል ሲጀምራት ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው» አለ። መቼም ጎረቤት ሐኪም ያልሆነበት ሰፈር የለም። ልጅቷም ለእናቷ ስትሳሳ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች። እናቷ የራሷን እህት ልታስታምም ሌላ ሰፈር ሄዳ የሰነበተች ጊዜ ሳሉ ተዋት፤ ተመልሳ ጆንያ በፈታች ማግስት አገረሸባት። ያኔም «የእናንተ ቤት ብርዱ ልዩ ነው» ተባለ።

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህሩ እነሱ ቤት የሚታሸገውን ዓይነት ሳሙና በውሃ በጥብጦ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን ጣለበት። ከቀናት በኋላ ሲታይ ዳር ዳሩ ተበልቷል።

«ይሄ የኢንዛይም ሥራ ነው» አለ መምህሩ። «ፕሮቲን ይቆራርጣል።»

«ሰው ብናኙን ቢተነፍሰውስ፣ ቲቸር?»

«ጀመረች ደግሞ» ብሎ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። «የአየር ቧንቧችን ሽፋንም ፕሮቲን አለበት። ኢንዛይሙ ሽፋኑን ሲጎዳው ቧንቧው ይቆጣል፣ ያብጣል። ሊከላከሉ የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ የራሳቸውን ቆራጭ ኢንዛይም ይረጫሉ። ለማዳን ብለው ጉዳቱን ያብሱታል።»

ለማዳን ብለው። ልጅቷ አስፈቅዳ ወጣችና ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ተራቸው ደረሰ። ሐኪሟ የእናቷን ደረት አዳምጣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻት።

«የቤት እመቤት ነኝ። ብርድ ነው የመታኝ፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ የሳል ሽሮፕ ልታዝ ብዕሯን አነሳች። ልጅቷ አክስቷን አሰበች። ነገሩ ከተነገረ ጆንያው ይቀራል፤ ምናልባት ቤቱም። ካልተነገረ እናቷ ዛሬውኑ ተመልሳ ዱቄቱ ላይ ታጎነብሳለች።

«ዱቄት ሳሙና ታሽጋለች» አለች ልጅቷ። «ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ። የምዘጋው እኔ ነኝ።»

የእናቷ እጅ ከእጇ ላይ ተነሳ።

ሐኪሟ ብዙ ጠየቀች፣ ደግማም አዳመጠች። «ሳንባዎ ተጎድቷል» አለች በመጨረሻ። «ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ከዱቄቱ ካልራቁ ደግሞ ያለውም አይተርፍም።»

ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ እናቷ ቆመች። «ያጎረሰንን እጅ አስነከስሽኝ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የት እንግባ?»

«አላውቅም፣ እማ።» እውነትም አታውቅም ነበር። «አንቺ ለዛሬ እህትሽ ጋ እደሪ። ነገ አክስቴ ጆንያውን ስታመጣ እኔ ነኝ የማነጋግራት።»

እናቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ሳሉ ቀደማት። ልጅቷ እስኪያልፍላት ጀርባዋን ደግፋ መንገዱ ዳር ቆመች።