እስከ መጨረሻው ዴስክ

«አንሳው እንጂ፤ ከጎተትነው ዘበኛው ይሰማል» አለች የኔአለም የዴስኩን አንድ ጫፍ እንደያዘች።

የዴስክ ጓደኛዋ ምናለ እያጉረመረመ ሌላውን ጫፍ አነሳ። ሌላ ተማሪ ገና አልገባም። ስምንተኛ «ለ» ክፍል ይባል እንጂ መጋዘን ነው፤ ስድሳ ስምንት ልጅ፣ ዴስኩም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የታጨቀ። መምህር አማረ ከሦስተኛው ረድፍ ማለፍ ስለማይችሉ የሚያርሙት እጃቸው የደረሰበትን ደብተር ብቻ ነው። ለኋለኞቹ ማን አለላቸው?

የኔአለም ወር ሙሉ የሂሳብ እኩልዮሽ ስትሳሳት አይቶ ያረማት የለም። ትናንት በፈተና ከሃያው ሦስት ብቻ አመጣች። የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ አባቷ ደግሞ «ከወደቅሽ መድገም የለም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

«ቆይ፣ ነቅተሻል ግን?» አለ ምናለ። «መንገድ ከከፈትን ቲቸር እኛ ጋ ይመጣሉ። ኋላ የሚመቸን እኮ ማንም ስለማያየን ነው።»

«አውቃለሁ። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር፤ ተመችቶኝ ልወድቅ ነው።»

መሀል ያሉትን አራት ዴስኮች በረንዳ አወጡ። የፊት ተቀማጭዋ ሂዊ ስትደርስ ዴስካቸው የወጣባቸው ሁለት ልጆች ዴስኳ ላይ ተደርበዋል።

«አብደሻል? በእኔ ቦታ ልትቀመጪ ነው?» አለች ወደ የኔአለም ዞራ።

«ቦታሽን አልፈልግም። ቲቸር እንዲያልፉ ነው የምፈልገው።»

ሂዊ ፊቷን አጨፈገገች፤ ቢሆንም ተጠጋች።

መምህር አማረ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ይሄን ማን አደረገው?»

የኔአለም ተነሳች። «እኔ ነኝ፣ ቲቸር። እርስዎ ኋላ ድረስ እንዲመጡ ብዬ ነው።»

ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መተላለፊያውን አየት አደረጉና ቀስ እያሉ ግራ ቀኙን እየቃኙ መጡ። ባለፉበት ሁሉ ልጆቹ ደብተራቸውን በክንዳቸው ይሸፍናሉ። ምናለም የራሱን ጥርቅም አደረገው።

እሷም ብትዘጋው በወደደች። አፍራለች፣ ፊቷ ግሏል። ይሁንና የትናንቱን የፈተና ወረቀት አውጥታ ዴስኩ ላይ ዘረጋችው።

መምህሩ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቆዩ። «የጠፋብሽ ከየት ጀምሮ ነው?»

ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ» አለችና ምናለን ገፋ አድርጋ መቀመጫ ለቀቀችላቸው።