አንሺውና አቶ ጆሮ

ምስጋና የማይገኝበት ሥራ አለ። ሽማግሌ ማገላበጥ አንዱ ነው። ሰው የወደቀበትን ዕቃ ሲያነሱለት «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ራሱን ሲያነሱት ግን ፊቱን ያዞራል። ይህን የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያነሳ የኖረ ሠራተኛ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ደግሞ ወደ አልጋ። ከዚህ የተነሳ የወጣለት ስሙ ተረስቶ «አንሺው» ተብሎ ቀረ። «አንሺውን ጥሩት!» «አንሺው የት ገባ?» አንሺው ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፍ ነበር፤ ሆዱ ግን አንዱንም አልረሳም። ልጅ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ትምህርቱን ሲቀጥል እሱ አምስተኛ ክፍል ላይ ቀርቶ ሸክም ጀመረ። ወንድሙ ዛሬ ቢሮ ውስጥ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል። በመጦሪያውም በየዓመቱ የምስጋና ወረቀት ሲታደል የሚቀበሉት ነጭ ጋውን የለበሱት ናቸው። አንሺው የሚቀመጡበትን ወንበር ያመላልስላቸዋል።

ከሁሉም አብልጦ የሚንከባከበው አባባ ሾፌርን ነበር። እኚህ ሰው አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከአፋቸው የሚወጣው «እሺ» እና «በቃ» ብቻ ነበር። አንሺው ያጥባቸዋል፣ ጺማቸውን ይላጫቸዋል፣ ሾርባቸውን በማንኪያ ይሰጣቸዋል። አንድ ቀን ዞር ብለው ያዩኛል እያለ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ ውሻው መጣ።

ውሻው የመጦሪያው ጎረቤት የሆነች የአንዲት ፀጉር ሠሪ ነው። ሴትዮዋ ማንም ሳያስገድዳት ረቡዕ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቋን ትዘጋና ሽማግሌዎቹን ልትጠይቅ ይዛው ትመጣለች። ጠዋት ራሷ ታጥበዋለች፤ ጥፍሩን ትከረክምለታለች፤ የክትባት ካርዱን በቦርሳዋ ትይዛለች። አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ ቡናማ ውሻ ነው። አይጮህም፣ አይዘልም። «ሰላም በል» ስትለው አገጩን አልጋው ጠርዝ ላይ ያኖርና ሰው ያያል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን «አቶ ጆሮ» ብለው ስም አወጡለት።

በአራተኛው ረቡዕ ፀጉር ሠሪዋ ብሩሽ አወጣችና በፀጉር ላስቲክ ከአባባ ሾፌር ቀኝ እጅ ጋር አሰረችው።

«አባባ፣ ዛሬ የሰው ፀጉር ስሠራ ውዬ እጄ ዝሏል። እርስዎ ያበጥሩልኝ» አለች።

ያቺ ሁለት ዓመት የተኛች እጅ ተንቀጠቀጠች። አንድ ስንዝር ሄደች፤ ተመለሰች። ውሻው ዓይኑን ጨፈነ። አባባ ሾፌርም ሳቁ!

«ጠጋ በል አንተ! ምን በር ላይ ትቆማለህ? ውስጥ ቦታ አለ!» አሉት፣ እንደ ተሳፋሪ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንሺው በዚያች ሰዓት ፖፖ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። እሱን ግባ ያለው የለም።

በሁለት ወሩ አባባ ሾፌር ማንኪያ በቀኝ እጃቸው መያዝ ጀመሩ። ሐኪሙም «እጅዎ እንዳያርፍ። ካረፈ ይጨበጣል፤ ከተጨበጠ አይፈታም» አላቸው። የመጦሪያው ኃላፊ ሲስተር በደስታ የአቶ ጆሮን ፎቶ በትልቁ አሳጥባ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለችው። የፎቶውን መስታወት በየጠዋቱ የሚወለውል ማን ሆነ? አንሺው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አወራት። «አሥራ ስድስት ዓመት ‹አንተ› የተባልኩት እኔ! በአንድ ቀን ‹አቶ› የተባለው ውሻ!»

«ሰው አልቆብህ ከውሻ ጋር ተፎካከርክ?»

«ውሻው ምን ሠራ? አገጩን ነው ያስቀመጠው! እኔ ወገቤን ነው እዚያ ያስቀመጥኩት!»

«አንተ የምትሰጠውን እየቆጠርክ ትሰጣለህ፤ ውሻው መቁጠር አያውቅም» አለች ሚስቱ። ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ።

በመጦሪያው አንድ ደንብ አለ። አንሶላ በረኪና ውስጥ ከተዘፈዘፈ በኋላ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ያረጀ ሰው ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነውና። አንሺው ይህን ደንብ አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም ነበር። በቀጣዩ ረቡዕ ግን ቅናት ክንፍ አወጣለት። ውሻው ከመድረሱ በፊት አባባ ሾፌርን ላጭቶ፣ አበጥሮ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ፣ ከሳቁም መጀመሪያ ለእሱ እንዲስቁ ፈለገ። የክፍሉን አንሶላ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቀና ፀሐይ ላይ ወረወረው፤ እንደደረቀም አነጠፈው። ልፋቱም ከንቱ ቀረ። አባባ ሾፌር ተላጩ፣ «በቃ» አሉ፣ በሩን በሩን ማየት ጀመሩ።

በማግሥቱ የአባባ ሾፌር አንገትና ክንድ በቀይ ሽፍታ ተሞላ።

ሲስተር ደንግጣ «ምን ነካቸው?» ብላ ጠየቀች።

አንሺው አንሶላውን አሸተተ። ገባው። አፉ ግን ሌላ ተናገረ። «እኔ እንጃ ሲስተር። ያ ውሻ አልጋው ላይ አገጩን ሲያሻሽ ነው የሚውለው። እንስሳ አይደል?»

ይኸው ነው። ውሻው ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም። እንዲህ ያለው ንግግር ከውሸት የባሰ ነው፤ ሰሚው ራሱ ውሸቱን እንዲጨርሰው ይተዋልና። አንሶላዎቹን ሰብስቦ፣ ደህና አድርጎ አጠባቸው። ሲስተርም ጉብኝቱ እንዲቆም አዘዘች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ቆማ ካርዱን ዘረጋች። «ወንድሜ፣ እባክህ አሳይልኝ፤ ምንም በሽታ የለበትም።»

«ታዝዤ ነው እህቴ» አለና በሩን ዘጋው። አቶ ጆሮ በበሩ ስንጥቅ አፍንጫውን አስገብቶ ነበር። ጎትታ ወሰደችው።

ሦስት ረቡዕ አለፈ። አባባ ሾፌር ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ፤ ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ወደ መዳፋቸው ገቡ። ሾርባ ሲሰጣቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። አንሺው ተቀናቃኙን አባሮ ባዶ ቤት ወረሰ።

ከአባባ ሾፌር ጎን ባለው አልጋ ላይ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። አንድ ጠዋት ዳኛው አንሺውን በጣታቸው ጠሩት።

«ልጄ፣ እኔ ውሻ እፈራለሁ። ሲመጣ መጋረጃዬ ይዘጋል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«ያኔ ሾፌሩ ሽፍታ ሲወጣባቸው እኔንም ክንዴን በልቶኝ ነበር። እኔን የትኛው ውሻ ነካኝ?»

አንሺው ዓይኑን ወደ ዳኛው አንሶላ ጣለ።

«አንሶላዬ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ምስክሬ አፍንጫዬ ነው» አሉ ዳኛው። «ለሲስተር ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። በዘመኔ ብዙ ሰው በምስክር ፈርጃለሁ፤ ራሱ መጥቶ የተናገረ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንተን ከእነሱ ልቁጠርህ ብዬ ነው። ግን አትዘግይ፤ የሰውዬው እጅ ቀጠሮ አይሰጥህም።»

አንሺው የሞቀ ውሃና ፎጣ ይዞ ወደ አባባ ሾፌር ሄደ። የተጨበጠውን እጅ ሊያጥብ ቢሞክር ጣቶቹ አልከፈት አሉት። ፎጣውን ሳህኑ ውስጥ ጣለው።

«አባባ፣ ያሳከከዎት ውሻው አይደለም። እኔ ነኝ። አንሶላውን በደንብ ሳላለቀልቅ አነጠፍኩት። ከዚያም ነገሩን በውሻው አላከክኩ።»

ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። «ለምን?»

«ቀናሁ አባባ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳነሳዎት አንድ ቀን እንኳ አይተውኝ አያውቁም።»

አባባ ሾፌር በዝግታ ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አንተን ማየት አሳፍሮኝ ነው» አሉ። «እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተሸክሜ የኖርኩ ነኝ። ዛሬ አንተ ተሸክመህ ታጥበኛለህ። ዓይንህን ባየሁ ቁጥር ራቁቴን አያለሁ። ያ ውሻ ግን የሚያውቀኝ ፀጉሩን የማበጥርለት ሰውዬ ሆኜ ነው። ሰው ሁሉ ይሰጠኛል ልጄ። እኔ የምሰጠው ለእሱ ብቻ ነበር። የወሰድክብኝ እሱን ነው።»

አንሺው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሳህኑን አስቀምጦ በቀጥታ ሲስተር ቢሮ ገባና ሁሉንም ተናገረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሙሉ ስሙ የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት ያ ሆነ። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ የሥራው ነውና።

ከዚያ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ። ሦስት ሴቶች ፀጉራቸው እየተሠራ ተቀምጠዋል። እሷን ለብቻዋ ሊያናግራት ቢፈልግም «እዚሁ ተናገር፤ ውሻዬ የተባረረው በሰው ፊት ነው» አለችው። ተናገረ።

«ይሄን ሁሉ ያደረግከው በውሻ ቀንተህ ነው?» አለች ማበጠሪያዋን ይዛ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «የእኔ ባል በድመት ነው የሚቀናው!» ብላ ጨመረችበት። አንሺው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ቻለው። ከወንበሩ ሥር ተኝቶ የነበረው አቶ ጆሮ ተነሥቶ መጣና አገጩን ጫማው ላይ አሳረፈ። እሱ ቂም የሚባል ነገር አያውቅም።

«ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «በሩን አንተ ራስህ ትከፍትልናለህ።»

ወገኖቼ፣ የሚያነሳችሁ፣ የሚያጥባችሁ ሰው ካለ በሕይወት ሳለ አመስግኑት፤ አፍራችሁም ቢሆን አመስግኑት። ምስጋና የተነፈገ ሰውም ቢሆን ብድሩን ከደካማ ላይ አይፈልግ። ያረጀና የታመመ ሰው ምግብና መድኃኒት ብቻ አይበቃውም፤ እሱም ለሌላው የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል። ይህን በፈቃዱ ይዞ የሚመጣ ሰው በራችሁ ላይ ሲቆም፣ በውሻም ይምጣ በድመት፣ «እኔስ?» ከማለታችሁ በፊት በሩን ክፈቱ። ቅናት መጀመሪያ የሚዘጋው የሰው በር ይመስላል፤ ከውስጥ ተዘግቶበት የሚቀረው ግን ባለቤቱ ነው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሺው በሩን ከፈተ። ብሩሹ በላስቲክ ታሰረ። የአባባ ሾፌር ጣቶች ገና ግትር ነበሩ፤ ስንዝሩ ቀርቶ አንድ ጣት ያህል ብቻ ሄዱ። አቶ ጆሮ ግን ዓይኑን ጨፈነ። አንሺው እንደ ልማዱ ፖፖውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀው ቢባል ውሸት ነው፤ አሁንም ትንሽ ቆነጠጠው።

አባባ ሾፌር ቀና ብለው ዓይኑን አዩት።

«አንተ ተሳፋሪ» አሉት፣ «ምን በር ላይ ትቆማለህ? ውስጥ ቦታ አለ።»