የለንሳ አምስት ጣቶች

ኦቦ ባይሳ ዱጋሳ በከሰል ጭስ ሞቱ ሲባል የጉደር ከተማ አላመነችም። «ኧረ ተዉ፣ ሌላ ሰው ይሆናል!» ያለው ብዙ ነው። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ኦቦ ባይሳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ሲያስተምሩ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር «ከሰል ያለበት ቤት ዘግታችሁ እንዳትተኙ» ሳይሉ ከክፍል የማይወጡ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ለጥየቃ በገቡበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ መስኮት ይከፍታሉ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ በሰኔ 2003 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ የከሰል ምድጃ ከራስጌያቸው ተቀምጦ የተገኙት።

ስልኩ የተደወለው አምቦ፣ ለኢንስፔክተር ወርቅቱ ነገራ ነው። ወርቅቱ የሕፃናትና የሴቶች ጉዳይ መርማሪ ናት፤ ሥነ ልቦና በማታው ክፍለ ጊዜ ተምራ የጨረሰች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት።

«የሞተው ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም፣ አዛውንት ናቸው» አላት ከጉደር ጣቢያ የደወለላት ሳጅን ሮባ። «ገደልኩ የምትለዋ ናት ልጅ።»

ወርቅቱ ሚኒባስ ሳትጠብቅ በጣቢያው መኪና ሄደች።

ስትደርስ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ኦቦ ባይሳ ጉንፋን ይዟቸው ለብቻቸው የተኙባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት መስኮት። ከትራሱ አጠገብ ሁለት ባዶ የክኒን ማሸጊያ ወድቋል። ወርቅቱ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ የመስኮቱ ክፍተት በቢጫ ፎጣ ተጠቅጥቆ አገኘችው። ቁመተ ረጅም ናት፤ እንዲያም ሆኖ ፎጣውን ለማውጣት ወንበሩ ላይ ወጥታ በእግር ጣቶቿ መቆም ነበረባት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ስለ ፎጣው ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው ሮባን።

«ኤዬ» አለ ሮባ፣ እሺ ማለቱ ነው።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሟች ባለቤት አዴ አመለሸጋ ዓይኗ ደርቆ መሬት መሬት ታያለች። ከጎኗ ያለው ዳዲ ነው፤ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ልጆችን ያስተምራል። ሦስተኛው ጉዩ፣ ኦቦ ባይሳ አሳድገው ለወግ ያበቁት የእህታቸው ልጅ። ጤና መኮንን ነው፤ ከተማው መግቢያ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቷል። ሰው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይቃወምም።

ጓሮው አግዳሚ ላይ ለንሳ ኩርምት ብላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለዕድሜዋ ግን ደቃቃ ናት። እናትና አባቷ ሲሞቱባት ባልና ሚስቱ በአራት ዓመቷ ወስደው አሳድገዋታል።

«ጩኸቱን ሰምቼ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» አለ ጉዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፖሊስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ጓሮ ይዣት ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብላ ታለቅሳለች። ከዚያ ሌላ የነገረችኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እባካችሁ አትጨክኑባት፣ ረስታ ነው የሚሆነው። ልጅ ናት።»

የለንሳን ቃል ወርቅቱ የተቀበለችው በጣቢያው የሕፃናት ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሮባ ብቻ እየጻፈ ነው።

«ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሲመችሽ ንገሪኝ።»

ለንሳ ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ትንሿን ጣቷን አጠፈች።

«ማታ አባባ በረደኝ አለኝ።»

ቀጣዩን አጠፈች። «ከሰሉን ከነምድጃው ከወጥ ቤት ወሰድኩለት።» መሐለኛውን። «በሩን ዘጋሁት።» ሌባ ጣቷን። «ንፋስ እንዳይገባ መስኮቱን በፎጣ ጠቀጠቅኩት።» አውራ ጣቷን። «ከዚያ ረስቼው ተኛሁ።»

እጇ ጭብጥ ሆነ።

«በረደኝ ሲሉሽ ምን ለብሰው ነበር?» አለች ወርቅቱ።

ለንሳ ጭብጧን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና እንደገና ትንሿን ጣት አጠፈች። «ማታ አባባ በረደኝ አለኝ…»

«ቆይ እስቲ፣ ምድጃው አላቃጠለሽም?»

አሁንም ከትንሿ ጣት። ሦስት ጊዜ ተናገረች፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አንዲት አልቀነሰችም።

ለንሳ ከወጣች በኋላ ሮባ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አለቀ እኮ! ፎጣውን ሳይቀር ተናገረች። እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«እኔና አንተ፣ የጠቀጠቀውም ሰው።»

«እሷ ናታ!»

«ሮባ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። እዚያ ይህንኑ ከደገመች ማን ይመልሳታል? ዘጠኝ ዓመት ካለፋት ሕጉ ይነካታል። በር ዘግቶ መስኮት የጠቀጠቀ ሰው ረሳሁ ቢልስ ማን ያምነዋል? ከቤቷ አውጥተው ነው የሚወስዷት።» ወርቅቱ ተነሣች። «እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ነው ያለን።»

አዴ አመለሸጋ ጥያቄ እስኪመጣ አልጠበቀችም። «ከሰሉን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ጻፉት፤ እኔን እሰሩኝ» አለች።

«ለምን አቀጣጠሉት?»

«ለእራት ምስር ልጥድ ነዋ። ሳልጥድ ሰዓቱ ደረሰብኝና ወጥ ቤት ትቼው ለረቡዕ ጸሎት ሄድኩ። ስመለስ የእሱ በር ዝግ ነው፤ ተኝቷል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ለንሳም ፈተና ስላለባት በጊዜ ተኝታለች። እኔም እራት አላሰኘኝ፣ ወጥ ቤት ሳልገባ ጋደም አልኩ።»

«ጠዋት መስኮቱን አይተውታል?»

«የምን መስኮት? እኔ እሱን ነው ያየሁት!» አለችና ያን ጊዜ ገና ዕንባዋ መጣ። ወርቅቱ እስኪበቃት ጠበቀቻት።

«ሰሞኑን ኦቦ ባይሳን የከነከናቸው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ለአንድ ሰው እስከ እሑድ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፣ በራሱ አፍ ቢናገር ይሻለዋል ይለኝ ነበር። ማን ነው ስለው፣ እሱ ራሱ ይናገር ይለኛል።»

ከዚያ ወደ ዳዲ ሄዱ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሃያ የሚሆኑ ልጆች ጥቅስ ያጠናሉ፤ ለእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ጣት እያነሡ። ሮባ ይህን ሲያይ ወርቅቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ባለፈው ወር ከመዘምራን መሪነት ያስነሡኝ ኦቦ ባይሳ ናቸው» አለ ዳዲ ሳይጠየቅ። «አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ማታ ቤቴ ነበርኩ፣ ብቻዬን። የሚመሰክርልኝ የለም።»

ከግቢው ገና ሳይወጡ ሮባ ፈነዳ። «በጣት! አየሽ አይደል? ልጅቷን ያስጠናት እሱ ነው። ሄደን እንያዘው!»

«ልጆቹ ከየትኛው ጣት ነው የጀመሩት?»

«አሁን እኔ ጣት ስቆጥር ልዋል?»

ወርቅቱ ወደ መኪናው አመራች። እሷ ግን ቆጥራለች። ልጆቹ ሁሉ በቀኝ እጃቸው፣ ሁሉም ከአውራ ጣት ነበር የጀመሩት።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ጉዩ ሕፃን ለታቀፈች እናት መድኃኒት እየሰጠ ነበር። የሴትየዋን ግራ እጅ ይዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያጥፋል።

«ትንሿ ጣት፣ ሽሮፑን ነቅንቂ። ቀጣዩ፣ አንድ ማንኪያ። መሐለኛው፣ ጠዋትና ማታ። በይ አሁን አንቺ በይው።»

«ነቅንቂ… ጠዋት…»

«አይደለም! ከትንሿ ጀምሪ።»

ሴትየዋ አፍራ ሳቀችና እንደገና ጀመረች። መሐለኛው ጣት ላይ ስትደርስ ቆመች። ጉዩ ለስለስ አድርጎ «ጠዋትና…» አላት፤ እሷም «ማታ!» ብላ ጨረሰች።

ለወርቅቱ የመለሰላት በትሕትና ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ለአጎቱ የጉንፋን ክኒን አድርሶ ወጣ፤ አዴ አመለሸጋ ለጸሎት ሄዳለች፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ውጪ ያችው እናት ዝናቡን ተጠልላ ቆማለች።

«ሰው በዛ ይላል መሰለኝ?» አለቻት ወርቅቱ።

«ኧረ ቀንሷል። የእንግዳወርቅ ጊዜ ሰው ደነገጠ። እዚህ መርፌ ተወግታ ቤቷ ሳትደርስ ነው የሞተች። በሽታዋ ነው ተባለ፤ ምን እናውቃለን? ኦቦ ባይሳ ግን ሦስት ጊዜ ቤተሰቧ ዘንድ እየሄዱ ሲያጣሩ ነበር።»

ዓርብ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወርቅቱ ሁሉንም ኦቦ ባይሳ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አመለሸጋ፣ ዳዲና ጉዩ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሮባ በሩ ላይ ቆመ። ለንሳን ጀርባዋን ለሰዎቹ አድርጋ ከራሷ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ለንሳ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ ነው። ንገሪኝ።»

ትንሿ ጣት ታጠፈች። «ማታ አባባ በረደኝ አለኝ።» አመለሸጋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ከሰሉን ከነምድጃው ከወጥ ቤት ወሰድኩለት። በሩን ዘጋሁት።»

እዚህ ላይ ወርቅቱ እጇን ሰደደችና የልጅቷን ሌባ ጣት ቀስ ብላ ያዘቻት። ለንሳ ጣቷን ልታጥፍ ሞከረች፤ አልታጠፈም።

«በሩን ዘጋሁት… በሩን ዘጋሁት…»

ቃሉ ጠፋባት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማል።  ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር፣

«መስኮቱን በፎጣ…» አለ።

ጉዩ ነበር። አፉን መዝጋቱን የዘጋው፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ዶክተር» አለች ወርቅቱ ዞር ሳትል። «ስለ ፎጣው ማን ነገረህ?»

«አዴ አመለሸጋ ናታ! እሷ ነገረችኝ።»

«የቱ ፎጣ?» አለች አመለሸጋ።

ወርቅቱ ቢጫውን ፎጣ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን ከመጋረጃው ኋላ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተነገረም። ለንሳ የተናገረችው በተዘጋ ክፍል ነው። አንተ ደግሞ ከማልቀስ ሌላ ምንም አልነገረችኝም ብለሃል።»

«ገምቼ ነው!»

«እንግዲያው እኔም የገመትኩትን ልንገርህ። የሆነበትን ነገር የሚናገር ልጅ ቃሉ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሽታውን ያነሣል፣ የእግሩን ጭቃ ያነሣል። ለንሳ ሦስት ጊዜ ስትናገር እንደ ጥቅስ ነው የወጣላት። ስለዚህ ያስጠናት ሰው አለ አልኩ። መስኮቱን ወንበር ላይ ቆሜ እንኳ እኔ በጭንቅ ነው የደረስኩበት፤ እሷ ብትንጠራራም አትደርስም። ሮባ ዳዲን ጠረጠረ። የዳዲ ልጆች ግን በቀኝ እጅ፣ ከአውራ ጣት ነው የሚጀምሩት። ለንሳ በግራ እጇ፣ ከትንሿ ነው። በግራ እጅ ከትንሿ ሲያስጀምር ያየሁት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ተማሪው ቃል ሲጠፋው ሳያቀብል አያልፍም።»

ዳዲ በረጅሙ ተነፈሰ። ሮባ ወደ ጉዩ ጠጋ አለ።

«ኦቦ ባይሳ የሰጡት ጊዜ እሑድ ያልቃል። በእንግዳወርቅ መርፌ ነገር በራስህ አፍ እንድትናገር ፈለጉ። አንተ ረቡዕ ማታ የሚያስተኛ ክኒን ሁለት ማሸጊያ ሙሉ አጠጣሃቸው፣ ወጥ ቤት የቀረውን ከሰል አስገባህ፣ መስኮቱን ጠቀጠቅክ። ግን አጎትህ ከሰል እንደሚጠሉ አገር ያውቃል፤ ከሰሉን ያስገባ ሰው መገኘት ነበረበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ልጅቷን ያዝክ።»

ለንሳ ወደ ጉዩ ዞረች። ከዚያ የተናገረችው በጣት አልነበረም፤ እየተደነባበረ፣ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። «ጋሼ ጉዩ… እማዬ ትታሰራለች አለኝ። ከሰሉን ያቀጣጠለችው እሷ ስለሆነች። እጁ ዴቶል ዴቶል ይላል። ልጅን ግን ሕግ አይነካም አለኝ። ዶሮዋ እግሬ ላይ ወጥታ ነበር… ስሳሳት ከትንሿ ጀምሪ ይለኛል።»

አመለሸጋ ብድግ አለች። «እኔ እኮ አንቺ የረሳሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ጉዩ ዞራ፣ «ያሳደገህ አባትህ እኮ ነው! አንተ አፍህን ከፍተህ መናገር ያቃተህን፣ ልጄን በሐሰት አናገርካት?» አለችው።

«የማይነኳት መስሎኝ ነው» አለ ጉዩ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት የቀረበው እሱ ነው። ለንሳ ያን ቀን ፍርድ ቤት አልረገጠችም።

ወርቅቱ ማታ ወደ አምቦ ከመመለሷ በፊት ልትሰናበታቸው ጎራ አለች። ዝናቡ አባርቷል፣ የቤቱ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ለንሳ አመለሸጋ ጉያ ውስጥ ነበረች።

«እማዬ፣ ታዲያ እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም ልጄ። አይደለሽም።»

ለንሳ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና አለች።

«ግን እኮ ምድጃውን ስወስድ አስታውሳለሁ» አለች።

ወርቅቱ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ለንሳ ይህን ጥያቄ ነገም ትጠይቀዋለች፣ በሚመጣው ዓመትም ትጠይቀዋለች፤ ጉዩ ያስጠናት ቃል ትዝታ ሆኖባታል፣ ወርቅቱ በተማረችው ትምህርት ሁሉ ውስጥም ይህን ቶሎ የሚፍቅ ነገር አልነበረም። አመለሸጋ የልጅቷን ግራ እጅ በሁለት እጇ ይዛ «አይደለሽም» አለቻት ደግማ። ለንሳ «እሺ» አለች። ትንሿ ጣቷ ግን መዳፏ ውስጥ እንደታጠፈች ነበረች።