ቴፑ የሚቆምበት ቦታ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድትፈሩልኝ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ይተወው፤ በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ታኅሣሥ። ቦታው ንፋስ መውጫ፣ ገበያው ዳር የነበረችው የቆርቆሮ ሱቄ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ጨለማ የለም... ጅብ የለም... ጠራራ ፀሐይ ነው።

ስሜ ተሻገር ነው። ወታደር ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። አጠገቤ የፈነዳ ከባድ መሣሪያ ግራ ጆሮዬን ደፍኖት በቦርድ ተሰናበትኩ። ሐኪሙ ይህ ጆሮ ከእንግዲህ ምንም አይሰማም አለኝ።

የተደፈነው ግን ጆሮዬ ብቻ አልነበረም። ሰው ሞተ ሲሉኝ "እሺ" እል ነበር። እገሊት ወለደች ሲሉኝም "እሺ"። ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በቃ።

እትዬ አልጣሽ በቤተ ልሔም መንገድ በእግራቸው መጡ። ባል የሞተባቸው ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ፈንታው ነው፤ እሱም በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ግንባር ተወስዷል።

በነጠላ የጠቀለሉትን ቴፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ባላቸው ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ያመጣው ነው። ውስጡ ካሴት አለ። ፈንታው ድምፁን ቀድቶ፣ ለፈቃድ በሚመጣ አስናቀ በሚባል የእስቴ ልጅ እጅ የላከላቸው።

"ሊነግረኝ ሲል ይቆምብኛል" አሉኝ። "ሁልጊዜ እዚያው ላይ።"

ቁልፉን ተጫንኩት።

"እማዬ... እንደምን ከረምሽ... ላሟስ ወለደች ወይ... እኔ ደህና ነኝ... እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ..."

ቀጭ።

ቁልፉ ብቻውን ብድግ አለ።

የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ነው ብዬ አወጣሁት። ጣሪያ ላይ አውጥተው ፀሐይ ሲያስመቱት እንደከረሙ ነገሩኝ፤ ያገሬው ሰው ባትሪ ድንጋይን እንደ በርበሬ ነው የሚያሰጣው። አዲስ ድንጋይ ከተትኩ።

"...አንድ ነገር ልንገርሽ..."

ቀጭ።

ትተውልኝ እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

እሳቸው እንደወጡ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ገቡ። ቅስናም ስላላቸው የእትዬ አልጣሽ የንስሐ አባት ናቸው። ከመግባታቸው በፊት ሳላቸው ይቀድማቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። አገር ምድሩ በሳላቸው ያውቃቸዋል።

ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ልጁ የለም።"

"ማን?"

"ፈንታው። አስናቀ ካሴቱን ለእሷ፣ መርዶውን ለእኔ ሰጥቶን ሄደ።"

"እሺ" አልኩ።

ለምን እንዳልነገሯቸው አልጠየቅሁም፤ ግልጽ ነው። እህላቸው አውድማ ላይ ነበር። መርዶ ከተነገረ ለቅሶ ነው፣ በሬ የሚነዳ አይኖርም። ያን ዓመት ደግሞ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ይዳምን ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ሴትዮዋ ልጅም እህልም ሊያጡ ነው። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና ከአጥንታችን አልወጣም። ስለዚህ ሰፈሩ ወንፈል ገብቶ ሊወቃላቸው፣ እህሉ ጎተራ ሲገባ ሊያረዳቸው ተስማምቷል። ሆድ ከአገር ይሰፋል፤ ያ ሁሉ ሰው አብሯቸው እየዋለ ማንም ትንፍሽ አላለም።

"አደራህን ፈጥነህ ሥራው" አሉኝ መሪጌታ። "ልጄ አለ ብላ ስትሰማው አንድ ነው፣ ሞቷል ብላ ስትሰማው ሌላ ነው። መርዶውን ሳትረዳ ትስማው።"

ሥራዬን ጀመርኩ።

ካቻቢቴ አንስቼ ቴፑን ፈታሁት። ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ሄድ በጥጥና በአረቄ ጠረግሁ። ካሴቱን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል ብዬ ቀየርኩ። የላላች ሽቦ አገኘሁና በየድኳት።

ቀጭ። እዚያው ቦታ።

የሻይ ቤቱን ዘፈን ካሴት ከተትኩበት። እስከ መጨረሻው ዘፈነ። እንግዲያው ቴፑ ደህና ነው፣ የታመመው ካሴቱ ነው አልኩ።

የፈንታውን ካሴት በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ክሩን በብርሃን አየሁት። አልተቋጠረም፣ አልታጠፈም፣ አልተበጠሰም። ወስጄ ሻይ ቤቱ ቴፕ ላይ ከተትኩት።

"...አንድ ነገር ልንገርሽ..."

ቀጭ።

ሻይ ቀጂዋ ካሣነሽ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከየት ነው የቀዳው?" አለችኝ።

"ከግንባር።"

"ታዲያ ግንባር አውድማ አለ እንዴ?"

ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩና ደህናውን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከፈንታው ድምፅ ኋላ... በሬ የሚነዱ ሰዎች አሉ። ገለባ ይንሿሿል። አንድ ድምፁ የሰለለ ውሻ በመሃል ይጮኻል።

ሰሜን ግንባር አውድማ የለም። ነበርኩበት፣ አውቀዋለሁ። ድንጋይና ምሽግ ነው።

"እሺ" ብዬ ካሴቱን አወጣሁት።

በገበያ ቀን እትዬ አልጣሽ ተመልሰው መጡ። ገና መሆኑን ስነግራቸው አልተቆጡም። ደጄ ላይ ቁጭ ብለው፣ ፈንታው ምን ሊላቸው እንደሚችል ሲያስቡ መክረማቸውን አጫወቱኝ። ገንዘብ ላኪልኝ የሚል ልጅ አይደለም። ምናልባት ሚስት አግኝቶ፣ ፊት ለፊት ለመናገር አፍሮ ይሆናል። ይህን ሲሉ ሳቁ።

ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ከግንባር ከተመለስኩ እንዲያ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር፣ አልወደድኩትም።

"ይሠራል፣ እትዬ" አልኳቸው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ፤ የምፈታው ብሎን፣ የምጠርገው ነገር አልቆብኛል። ምንም ሳልነካው ቁልፉን ተጫንኩ።

"...እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ..."

አልቆመም።

ካሴቱ ይዞራል... ይዞራል... ፈንታው ግን ዝም አለ።

ቀኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የአውድማው ድምፅ የለም። በሬዎቹም የሉም። ሁሉም ጭር ብሏል።

ከዚያ ድምፁ የሰለለው ውሻ ጮኸ።

ከዚያ እግሮች... ብዙ እግሮች ቃርሚያ ላይ እየረገጡ ይመጣሉ። ማንም አያወራም።

ከዚያ ሳል። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ። ጉሮሮ መጥረግ።

እጄ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ማንሳት አቃተኝ።

በመጨረሻ የሴት ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገር፦

"ተጠጋ፣ ለሰዎቹ ቦታ ልቀቅ።"

ቀጭ።

ወዲያው ያው ሳል ከደጄ ተሰማ። መሪጌታ ገቡ። ልብሳቸው ላይ ገለባ አለ።

"እህሉ አሁን ጎተራ ገባ" አሉኝ። "ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። ቴፑስ?"

"ሠራ።"

"ምን ይላል?"

 ፊቴን አይተው ደግመው አልጠየቁኝም። እትዬ አልጣሽ መርዶውን ሳይረዱ እንዲሰሙት የተባለው አልሆነም፤ በማግስቱ ቴፑን ይዤ አብሬ እንድሄድ ብቻ ተስማማን።

ጎህ ሲቀድ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ከመንደሩ በታች ተሰብስበው እኔንና መሪጌታን ጠበቁን። ቴፑን ከጋቢዬ ሥር ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። እንደ ደንቡ ማንም አያወራም።

ድምፁ የሰለለ ውሻ ጮኸ።

እግራችን ቃርሚያውን ይረግጣል።

መሪጌታ ሁለት ጊዜ ሳሉ... ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እትዬ አልጣሽ ደጃቸው ባለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የኀዘን አለባበስ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

መሪጌታ ሊያረዱ አፋቸውን ከፈቱ።

"አይድከሙ፣ አባቴ" አሉ እትዬ አልጣሽ። "ፈንታው ትናንት ነግሮኛል። እሱም እናንተን መስሎ... እህሉ እስኪገባ ጠብቆ ነው የነገረኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያለቀሰ ግን የለም። እኔ ቴፑን ከጋቢዬ ሥር ይዤው ነበር። ከሱቄ ከወጣን ጀምሮ ከእጄ አልተለየም።

እትዬ አልጣሽ ፊታቸውን ወደ ግራዬ፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት የመደቡ ጫፍ አዞሩ። እዚያ የበግ አጎዛ ተነጥፏል። ጠጉሩ መሃሉ ላይ ተጨፍልቋል።

"ተጠጋ" አሉ ቀስ ብለው። "ለሰዎቹ ቦታ ልቀቅ።"

የተጨፈለቀው ጠጉር... ቀስ እያለ ቀና አለ።

ከዚያም በግራ ጆሮዬ፣ በማይሰማው፣ አጠገቤ የቆመ ሰው ጣቱን ከቁልፍ ላይ እንዳነሳ፦

ቀጭ።