ሸጌና የወንደላጤዎች ሩር

በእኛ አገር፣ በገነተ ማርያም፣ የገና ጨዋታ ወገኑ ሁለት ነው፤ ያገባና ያላገባ። ያገባው ከአቶ አረጋ ጋር ይሰለፋል፤ ያላገባው ከእኔ ጋር። እኔ አለሜ እባላለሁ፣ በዚያ በደርግ ዘመን የወንደላጤዎቹ አለቃ ነበርኩ። ሰው ሚስት ካገባ ዱላውን ይዞ ሜዳውን ይሻገራል። ትናንት ትከሻ ለትከሻ አብሮህ ሲሮጥ የነበረ ጓደኛህ ዛሬ ቁርጭምጭሚትህን ሊልህ ይመጣል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ለእኛ ሰርግ ማለት ኪሳራ ነበር። እልልታ በሰማን ቁጥር አንድ ሯጭ እንደጎደለን እናውቃለን።

በዚህ ኪሳራ ከሁላችን አብልጣ የምትቆጨው ግን ሴት ነበረች። ሸጌ የአቶ አረጋ ልጅ ናት። ላሊበላ ተምራ የተመለሰች፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ፊደል የምታስቆጥር፣ ደግሞም ስትናገር ሽማግሌ የማትፈራ ልጅ ነበረች። አባቷ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርና የባለትዳሮቹ አለቃ ሆነው ሳለ እሷ የእኛ ወገን ናት። ለምን ሲሏት «አላገባሁም፤ ታዲያ ከማን ጋር ልሁን?» ትላለች።

የሻው ከተባለ ሯጭ ጋር ያገናኛትም ይኸው ጨዋታ ነው። የሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ገና ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ሲቀራት እኛ እየመራን ነው። ሩሯ፣ ያቺ በጠፍር የተሰፋች ጠንካራ ኳሳችን፣ ከሜዳ ወጥታ ተመልካቹ መሀል ወደቀች። ሸጌ ቁጢጥ አለችና ነጠላዋን አለበሰቻት። ፀሐይ ከገባች ጨዋታው ያበቃል፤ ድሉም የእኛ ነው። የሻው እያለከለከ መጣ።

«እታለም፣ ሩሯ እዚህ ወድቃለች።»

«አላየሁም።»

«ከነጠላሽ ሥር ናት።»

«ከነጠላዬ ሥር ያለው የእኔ ነው። አንተ የማን ወገን ነህ?»

«የወንደላጤ።»

«እና ምን አጣደፈህ? ፀሐይዋን አታያትም?»

የሻው ፀሐይዋን አየ፣ እሷን አየ፣ ላቡን ጠረገ። «እንዲህ አድርገን ብናሸንፍ ደስ አይለኝም» አላት።

ሸጌ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሩሯን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ባለትዳሮቹ በቀረችው ብርሃን ሁለት ጊዜ ከድንበራችን አሳለፏትና ተሸነፍን። የሻው አንገቱን ደፍቶ በአጠገቧ ሲያልፍ «ሞኝ!» አለችው። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ስም አልሰጠችውም። እኔ ስድብ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታው የሚካሄደው በገና ነው እንጂ ወሬው ዓመቱን ሙሉ አያልቅም። ክረምቱን ከመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ሥር ተሰብስበን ስለሚቀጥለው ገና እንከራከር ነበር።

«በሉ ቁጠሩ፣ ማን ቀረን?» ትላለች ሸጌ ጠመኔዋን እያራገፈች።

«ሦስቱ ሚሊሺያ ሄደዋል» አልኩ። «ሁለቱን ከጥምቀት በኋላ ዳሩብን። ሞላም ታጭቷል።»

«ሞላን ደግሞ ማን አጨው?»

«አባትሽ ናቸዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

እውነት ነው፤ የዚያ ሰሞን ሰርግ ሁሉ ጫፉ ቢጎተት አቶ አረጋ ደጃፍ ላይ ይገኝ ነበር። ደህና ሯጭ ሲያዩ ለልጁ የምትሆን ሚስት ለአባቱ ይጠቁማሉ። እኔን እንኳ ደጋግመው ሊድሩኝ ሞክረዋል። ከሙጃ አንዲት መልካም ልጅ አግኝተውልኝ፣ በሬ ጠፋብኝ ብዬ ሳምንት ጠፍቻለሁ። አለቃውን ወስደው ወገኑን ሊበትኑት ነው ብዬ ነበር።

«የወጣቱ ስፖርት ገንዘብስ? ላሊበላ ወርዳችሁ አመልክቱ አላልኩም?» ትላለች ሸጌ።

«አመለከትን እኮ። ለእግር ኳስ ብቻ ነው አሉን። ለትምህርት ቤቱ ማልያና ኳስ መጥቷል፤ መንፊያ ግን የለውም። ለገና ዱላ ከጫካ ይቆረጣል፣ ምን በጀት ያስፈልገዋል ተባልን።»

«ዱላውስ ይቆረጣል» አለ የሻው ከጥግ፣ «ሯጩ ነው የማይቆረጠው።»

ሁላችንም ሳቅን። የሻው ብዙ አይናገርም፤ የወይራ ዱላውን እየላገ ያዳምጣል። ሸጌ ግን ክርክሩ መሀል ዓይኗ ወደ እሱ ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

«አንተ ሞኝ፣ ስትሮጥ አንገትህን ትደፋለህ። ቀና ብለህ ሩጥ።»

«ቀና ካልኩ ሩሯን በምን አያታለሁ?»

«እኔ አይልሃለሁ።»

እሱ መላጉን ረሳ፣ እሷ ጠመኔውን ሰበረችው። እኔ ግን ስለ በግ ነበር የማወራው፤ ባለትዳሮቹ በማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ በግ አርደው ሲበሉ እኛ ቆሎ ይዘን ስለምንመለስበት ነገር። እንዲህ ያለ አለቃ ነበርኩ።

ጥቅምት ላይ አቶ አረጋ ለየሻው አጎት «ለሸጌ ሽማግሌ ቢላክልኝ አልመልስም» ብለው ሹክ አሏቸው። የሻው ጊዜ አላጠፋም፤ ሽማግሌ ላከ፣ እሽ ተባለ። አንድ ነገር ብቻ አጠበቁበት፦ ሰርጉ ከቅበላ እንዳያልፍ። ኅዳር አሥራ አምስት የገና ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ሰርግ የለም። ይህ ማለት የሻው መጪውን ገና ከእነሱ ጋር ይሰለፋል ማለት ነው።

ደሜ ፈላ። ዳሱ ድረስ ሮጬ «አንች፣ አባትሽ በሯጭ ለወጡሽ!» አልኳት። ሸጌ ተማሪዎቿን እንኳ ሳታሰናብት ወጣች።

የሻውን ገብስ ሲያጭድ አገኘችው። የተባባሉትን ኋላ እሷው ነግራኛለች።

«አባቴ የሰጡኝ ለሩር ሲሉ እንደሆነ ታውቃለህ?»

የሻው ማጭዱን አስቀመጠ። «ገምቻለሁ።»

«ገምተህ ነው ሽማግሌ የላክኸው?»

«ለምን እንደሰጡኝ አልጠየቅሁም፣ ሸጌ። አንችን ሰጡህ ሲሉኝ ሌላውን አልሰማሁትም።»

ቁጣዋ ግን አልለቀቃትም። «ገበያ እንደወጣ በሬ አልነዳም። ጥር ላይ ና። ገናን ከእኛ ጋር ተጫወት፣ አባቴን አሸንፋቸው፣ ከዚያ ሽማግሌህን መልሰህ ላክ። ያኔ ለእኔ ብለህ እንደመጣህ አውቃለሁ።»

«እስከዚያ አባትሽ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ?»

«ፈራህ?»

«አንችን ማጣት እፈራለሁ» አለ። ገብሱን ትንሽ አየው። «እሽ። እጠብቃለሁ።»

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ አረጋ ይጮሃሉ ብላ ነበር፤ አልጮሁም። ፊታቸው ጠቆረ፣ «ጥር ሩቅ ነው፣ ልጄ» አሉና በትራቸውን ይዘው ወጡ። እናቷ እትዬ ውዱ ጤፉን እያበጠሩ ቆይተው ሰፌዱን አስቀመጡት።

«አንች ልጅ፣ አባትሽ ለጨዋታ ሲሉ የሚድሩ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ሲሉ?»

እትዬ ውዱ በሩን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ታኅሣሥ ላይ ለጦር ሜዳ ሰው ይጠየቃል። የሚጀመረው ካላገባው ነው። ቀድመው ሰምተዋል፤ መናገር ግን አይችሉም፣ ሊቀመንበር ናቸው። ታዲያ ምን ያድርጉ? የቻሉትን ይድራሉ።»

ሸጌ ተቀመጠች። ስታማቸው የከረመቻቸውን ሙሽሮች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ሁሉም እቤታቸው አሉ፤ ሁሉም እያጨዱ ነው። የሄዱት ሦስቱ አናገባም ብለው ያስቸገሩት ናቸው።

«ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንች ለአለሜ ትነግሪያለሽ፣ አለሜ ለአገሩ።»

እትዬ ውዱ አልተሳሳቱም።

በማግስቱ ሸጌ ያው ማሳ ላይ ደረሰች።

«ቅበላ ሳይደርስ እንጋባ» አለችው።

የሻው ቀና አለ። «ትናንት ጥር አልሽኝ።»

«ትናንት አለፈ።»

«ከወገኔ እወጣለሁ። አለሜ ይገድለኛል።»

«አለሜን ለእኔ ተወው።»

ቀረብ ብሎ አያት። «ሸጌ፣ እያለቀስሽ ነው።»

«ነፋሱ ነው። ና ስልህ ና። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።»

«ትናንትም አልጠየቅሁም» አለና እጇን ያዘ። እጁ በገብሱ ተቧጭሮ ነበር፤ ሸጌ ያን ሻካራ መዳፍ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ሰርጉ ላይ አኩርፌ ጥግ ያዝኩ፤ ሥጋውን ግን በላሁ። የሙሽራዪቱ ማጫ ሲነገር አቶ አረጋ ሁለት ጊደር ለልጃቸው ሰጠሁ አሉ። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ሸጌ ግን ከመጋረጃው ኋላ ተናገረች።

«አንዷ ጊደር ለወንደላጤዎች ትሁንልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ አረጋ ዞሩ።

«የእኔን ከብት ለባላጋራዬ?» አሉ አቶ አረጋ።

«ተጫዋቻቸውን ወስደንባቸው የለም እንዴ፣ አባዬ? ሸጠው ዱላ ያስቆርጡባት፣ በግ ይብሉባት።»

አቶ አረጋን መጀመሪያ ሳል የያዛቸው መሰለን፤ ሳቅ ሆነ። ሽማግሌዎቹም መረቁ። ላሊበላ ወርደን ያጣነው በጀት ሰርግ ቤት ጸደቀልን። እኔም ኩርፊያዬን ከግማሽ በላይ ተውኩት።

ታኅሣሥ ሲገባ ሰው ተጠየቀ። ከእኛ ወገን ሁለቱ ወዲያው ሄዱ፤ እኔ ከጥምቀት በኋላ እንድከተል ተነገረኝ። ያኔ ሁሉም ነገር በራልኝ። ሮጬ አቶ አረጋ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ትከሻዬን ያዝ አድርገው «የሙጃዋ ልጅ መልካም ነበረች እኮ፣ አለሜ» አሉኝ።

ገና ደረሰ። ጎደሎ ሆነን ወጣን፤ ዱላችን ግን ሁሉም አዲስ ነበር። የሻው ከማዶ ቆሟል። ሸጌ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ የሙሽራ ቀሚሷን ለብሳ ከባለትዳር ሴቶቹ ተለይታ እኛ ዘንድ ቆመች። «ያገባሽ አይደለሽ?» ቢሏት «ለዘንድሮ እንዳላገባሁ ቁጠሩኝ» አለች።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። የሻውም ራራልን አልልም፤ ቀና ብሎ ነበር የሚሮጠው፣ እንዳስተማረችው። ቢሆንም ሩሯን አንዴ ከድንበራቸው አሳለፍናት። ብርሃኑ ወርቅ ሲመስል፣ አንድ የተሳሳተ ምት ሩሯን ተመልካቹ መሀል ጣላት። ሸጌ ቁጢጥ አለች። ነጠላዋ ሩሯ ላይ ወደቀ።

የሻው እየሮጠ መጣ፤ አማቱ ከኋላው «ቶሎ በል! ቶሎ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«ሸጌ፣ ሩሯ» አላት።

«አላየሁም።»

የሻው ፀሐይዋን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። በጉልበቴ ተደግፌ እያለከለክሁ ነበር፤ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ለምን ከቅበላ በፊት እንጋባ እንዳለችው ያኔ የነገረው ሰው ባይኖርም፣ እንደ እኔው ገብቶታል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚህ የለችም!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በፊት የዋሸ አይመስለኝም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። አቶ አረጋ ደረሱ። የልጃቸውን ነጠላ አዩት፤ ሥሩ ያለውን ነገር ዕውር እንኳ ያየዋል። አማቻቸውን አዩ። በመጨረሻ እኔን አዩኝ፣ ዱላቸውንም ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«ከሌለች ምን ይደረጋል» አሉ። «ፀሐይዋም ገብታለች።»

ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ነበረች። አንድም ሰው አልተቃወመም። ዘለልን፣ ጨፈርን፣ ባለትዳሮቹን እየተረብን በጊደሯ ዋጋ የገዛነውን በግ በላን። የሻው ተሸናፊዎቹ መሀል ሆኖ ይስቅ ነበር። ሸጌ በአጠገቡ ስታልፍ «ሞኝ» ስትለው ሰማኋት፤ ድምፅዋን ስሰማ ግን ፊቴን አዞርኩላቸው፣ የሁለቱ ብቻ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ስሄድ ሸጌ ሩሯን ስንቄ መሀል ከተተችልኝ። «የወገኑ ንብረት ናት። መልሰህ አምጣት» አለችኝ።

ስመለስ ዓመታት አልፈው ነበር፣ አንድ እግሬም ያነክሳል። የሻው ከሩቅ አይቶኝ ዕርፉን ጥሎ ሮጠ፤ አንገቴን አቅፎ ሲያለቅስ ሩሯ በሁለታችን መሀል፣ ከጋቢዬ ሥር ቆረቆረችን። ሸጌ ሕፃን አዝላ ከደጃፉ ወጣች። እግሬን አየች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ሩሯን ከእጄ ተቀብላ በመዳፏ መዘነቻት።

«አላገባህም አይደል?» አለችኝ። «የወንደላጤ ወገን ሰው ጎድሎበታል።»