መሳቢያ ውስጥ የቀረው ወረቀት

በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ፋርማሲስት ነበር። ሥራውን ያውቃል፤ ማን ሐሰት ይናገራል። መስኮቱ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ታማሚውን ሁሉ ያናዝዝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ፊት ለፊቱ ያለው ክፍል ለአንዲት አሮጊት የባህል መድኃኒት አዋቂ የተሰጠ ዕለት ነው። ወር ሳይሞላ የእሷ አግዳሚ ወንበር ለሰው ጠበበ፤ የእሱ ሰልፍ ሳሳ። ታማሚ ከእሷ ዘንድ እየሳቀ ሲወጣ ባየ ቁጥር ቅናት ይበላው ጀመር። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ቅጠል በጣሽ ሊበልጠኝ ነው ወይ?» እያለ ይብሰለሰላል።

ደንቡ ግልጽ ነበር። አዋቂዋ የታማሚውን ስምና የሰጠችውን ሥር ጽፋ ትልክለታለች፤ ፋርማሲስቱ ሥሩ ታማሚው ከሚወስደው ክኒን ጋር እንደማይጋጭ አይቶ ይፈርማል፤ ታማሚው እስከዚያ አይጠጣም። እሱ ግን «የማን ጸሐፊ ነኝ?» እያለ ወረቀቶቹን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል።

አንድ ጠዋት ታላቅ እህቱ ነስሯ አልቆም ብሎ በሰው ተደግፋ መጣች። ደም እንዳይረጋ የሚረዳውን ክኒን ከእሱ መስኮት ትወስዳለች፤ ለጉልበቷ ደግሞ የአዋቂዋን ሥር ጠጥታለች፤ ሁለቱ ተጋጭተዋል። ሐኪሙ እንደ ምንም ደሙን አቆመላት።

«እትዬ፣ ሳትነግሪኝ እንዴት ትጠጫለሽ?» አላት አልጋዋ አጠገብ ቆሞ።

«ወረቀቱ ከደረሰህ ሳምንት አልሆነውም? አንተ ተቆጥተህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም። ዝም ስትል ፈቅዷል ብዬ ነው።»

ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። የእህቱ ስም ከላይ ሦስተኛው ነበር፤ ከስሟ በታች ሃያ ያህል ሌሎች ሰዎች መልስ ይጠብቃሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ውሎ፣ ሥሩ የማይስማማቸውን አራት ሰዎች አስጠርቶ እንዲያቆሙ ነገራቸው። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዞ የአዋቂዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠበቀ።

«እማማ፣ ቀንቼብዎት ነው» አላት አዋቂዋን ተራው ሲደርስ።

«እኔ የማላውቀውን ነበር የጠየቅሁህ፣ ልጄ» አለችው አዋቂዋ። «ክኒኑን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ወገኖቼ፣ ቅጠሉም ክኒኑም የሚያድነው አዋቂዎቹ ሲነጋገሩ ነው። እነሱ ሲኮራረፉ የሚታመመው ሌላ ሰው ነው።

ፋርማሲስቱ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ጽሑፉን ግን ከመስኮቱ ነቅሎ፣ ራሱ እንዲያነበው ከመሳቢያው በላይ ለጥፎታል።