አደራ፣ እንዳይርባት

«እማ፣ አንድ ነገር በሕይወት አለ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ትርንጎ ናት።

የምጽፍላችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። የማያምን ይኖራል... እኔም ባላምን ደስ ባለኝ።

ጊዜው በደርግ ዘመን፣ ግንቦት 1976 ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት።

ድሬን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ያስተኛል። ሱቅ ይዘጋል። ውሻ እንኳ አይጮህም።

የትርንጎ አባት በሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ወዲህ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ማታ ማታ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት እማር ነበር። ፊደል ቆጥሬ ጨርሼ፣ ቃል መገጣጠም ጀምሬያለሁ።

ግቢያችን ውስጥ አለምብርሃን የምትባል የኬሚስትሪ መምህር ተከራይታ ትኖር ነበር። ሩሲያ ተምራ የመጣች፣ ልጅ የሌላት።

ትርንጎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ ጋ ነበር የምትገባው። ኋላ ወደ አለምብርሃን ክፍል መግባት ጀመረች።

«ቲቸር እንዲህ አለች... ቲቸር እንዲያ አለች...»

ይህን ስሰማ ሰሃኑን እያጋጨሁ አቀርብላት ነበር።

ጎረቤቴ ሃሊሞ ትስቅብኛለች። «አቦ አስካለ! ሴትዮዋን ጣውንት አደረግሻት እኮ! ወላሂ፣ ሰው በአስተማሪ ይቀናል?»

እኔ ቀናሁ።

አንድ ቀን በዚያው በስምንት ሰዓት ልጄን ተከትያት ገባሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አለ፤ ውስጡ ውሃ መሳይ ነገር።

ቀይ ሆነ።

ሰማያዊ ሆነ።

ቀይ... ሰማያዊ... ቀይ...

ማንም አልነካውም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አይፍሩ፣ እትዬ አስካለ» አለች አለምብርሃን። «ሕይወት ያለው ይመስላል እንጂ የለውም። ምግብ እስካገኘ ይሠራል። ምግቡ ሲያልቅ ይቆማል።»

በማንኪያ ጫፍ ነጭ ዱቄት ጨመረችበት። ፈጠነ።

«ገላችን ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ጽሑፍ አለ» አለች። «እርስዎ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ቆጥረዋል። እዚያ ያለው አራት ብቻ ነው። ሰው የሚጻፈው በአራቱ ነው። ያንን ክር በእጃችን ብንጽፈው... እየበላ ይሠራል። ልክ እንደ ሕያው።»

ትርንጎ ብርጭቆውን እያየች ፈገግ አለች። ለእኔ እንዲያ ፈገግ ካለችልኝ ቆይታለች።

ያኔ አንድ ነገር አየሁ...

አንገቷ ላይ ያለችው ሥር ትመታለች። ሥሯ በመታች ቁጥር ብርጭቆው ይቀላል።

በሳምንቱ ጸጉሯን ስሠራላት ከማጅራቷ በኩል ጎድሏል።

«ማን ቆረጠሽ?»

«ቲቸር... ለሥራ ነው፣ እማ።»

አለምብርሃን ክፍል ውስጥ ብርጭቆው ባልዲ ሆነ። ባልዲው ትልቅ ሳፋ ሆነ። ሳፋው ላይ አንሶላ ተጥሎበታል።

አንሶላው... ከፍ ይላል። ዝቅ ይላል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አለምብርሃን ልታናግረኝ መጣች።

«ትርንጎ ሩሲያ እንድትማር ተመርጣለች። እኔም እመለሳለሁ፤ አብረን...»

«ልጄን? ለአንቺ?»

«የእሷ ዕድል እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ከፈለግሽ ወልደሽ ውሰጂ! የእኔ ልጅ የትም አትሄድም። እንዴትም ሆና ትቅርልኝ!»

«እማ፣ እባክሽ...» አለች ትርንጎ።

ፊቴን አዞርኩባት።

አለምብርሃን ጠጋ አለችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«እንዴትም ሆና?»

«እንዴትም ሆና!»

«እሺ። ትቀርልዎታለች። አደራ... እንዳይርባት።»

አለምብርሃን የምትሄድበት ባቡር የሚነሳ ቀን በጠዋት ጓዳ ብገባ፣ ትርንጎ ተቀምጣ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። ጸጉሯ እርጥብ ነው።

አለምብርሃንን አሸነፍኳት አልኩ በልቤ። ባቡር ጣቢያው ለገሀር አልሄድኩም። ማንን ልሸኝ?

ረፋድ ላይ ሃሊሞ ከለገሀር እያለቀሰች መጣች።

«አንቺ ድንጋይ ነሽ? ልጅሽ በባቡሩ መስኮት አንገቷን አውጥታ ስትፈልግሽ...»

«ምን ትያለሽ አንቺ? ትርንጎ ይኸው!»

ሃሊሞ ወደ ጓዳ አየች። ወደ ኋላዋ እየሄደች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም።

ትርንጎ ትበላለች። የሦስት ሰው ምሳ። አትናገርም። ስጠራት ብቻ ቀና ትላለች።

አንድ ቀን ምሳዋ ዘገየብኝ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ውሃ ልትጠጣ ያነሳችው እጅ... መሃል ላይ ቆመ።

ዓይኗ ቆመ።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ።

እየጮህኩ ስኳር በጥብጬ በአፏ አንጠባጠብኩ።

ቀይ።

እጇ ካቆመበት ቀጠለ።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሕይወቴ ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልኩ...

«እማ፣ ባቡሩ እስኪነሳ በመስኮት ፈለግኩሽ። ለምን አልመጣሽም? ልጅሽ ትርንጎ። ከኦዴሳ፣ ሶቪየት ኅብረት።»

ቀና አልኩ።

ፊት ለፊቴ ያቺ ከሳፋው የወጣችው አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች።

አለምብርሃን ሄደች። ልጄም ሄደች።

እኔና እሷ ቀረን።